ወለሉ ያልረጠበበት ምክንያት

ሚያዝያ 4

ለጉንዳን፣

እንደምን ሰነብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ በየደብዳቤው ስለ ጉልበቴ መጠየቅ ብትተዪ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ደህና ይሆናል። ሾፌሩ ደብዳቤሽንና የሳጥኖቹ መረጃ ያለበትን የሳምንቱን ካርድ ሐሙስ አድርሶልኛል። ፖስታው ላይ የጭቃ አሻራ ነበረበት። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሁለታችሁም አታመልጡም።

አዎ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቤአለሁ። አይ፣ አልጮህኩም። ማለቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮህኩት፤ እሱም የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ «ሳጥኖቹ ወሬ ያቀባብላሉ ማለት ነዋ!» ብሎ ጠረጴዛ እየደበደበ ሲስቅ ነው። አዎን፣ ያቀባብላሉ አልኩት፤ እንዲህ ብዬም አስረዳሁት። ተዳፋቱ ላይ ሠላሳ ስድስት ሳጥን ተተክሏል። እያንዳንዱ ከሥሩ ያለው አፈር ምን ያህል እንደረጠበና ምን ያህል እንዳዘመመ ይለካል። ድምፁ ግን ከመቶ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ላይኛው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ እያለ ወሬው መንገድ ዳር እህቴ ቤት ያለው መቀበያ ዘንድ ይደርሳል። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ መቀበያው መንገዱ ላይ ያለውን ቀይ መብራት ያበራል፤ መኪና ይቆማል፤ ሰው ይተርፋል።

አስቸጋሪው ነገር፣ የሌላውን ወሬ መሸከም ባትሪ ይበላል። ሳጥን ሁሉ የራሱን ባትሪ ይወዳል። ታዲያ ለምን ይሸከማል? የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ሳጥን እንደ ተጫዋች ቁጠሩት አልኳቸው። የሰው ወሬ የተሸከመ ነጥብ ያገኛል፤ እምቢ ያለ ነጥብ ያጣል፤ ነጥብ የሌለው የራሱን ወሬ የሚሸከምለት ያጣል። አለቃ የለም፣ ተቆጣጣሪ የለም። ሁሉም የየራሱን ጥቅም ሲያሰላ ሸክሙ በራሱ ጊዜ ይከፋፈላል።

አሁንም ሲፈዙብኝ የሳፋውን ታሪክ ነገርኳቸው። እናታችን ሥራ ስትሄድ አራታችንን አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ሳፋ አስቀምጣልን ትወጣ እንደነበር። «ወለሉን ረጥቦ ባገኘው አራታችሁንም!» ብላ ነው በሩን የምትዘጋው። ማን ይድፋው ብላ አልመደበችም። እኔ መጽሐፌ ላይ፣ መንትዮቹ ጠባቸው ላይ፣ አንቺ ጥግሽ ላይ ነን። ሁላችንም ሌላው ይነሣል ብለን እንጠብቃለን። ሆኖም በዚያ ሁሉ ክረምት ወለሉ አንድ ቀን እንኳ አልረጠበም። ማንም ማንንም ሳያዝ! ይኸው ነው ሚዛን ማለት፣ አልኳቸው። አጨበጨቡ።

አምስት ወር ሙሉ አንድም ሳጥን አልሞተም። ሰኔ 24 ውሉ ይፈረማል፤ ከሰፈሩ በላይ ባለው ገደል ላይ ሁለት መቶ ሳጥን ይተከላል። ከገደሉ ሥር ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቂያለሽ፤ እዚያ በቀይ መብራት ፈንታ የማስጠንቀቂያ ደወል ይሰቀላል። «የሚጠብቀው ሰውም አያስፈልገውም» ስላቸው ነው ዓይናቸው የበራው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መዝገቡ ላይ በአምስት ቦታ «ተስተካክሏል» ብለሽ ጽፈሻል። ምኑ ነው የተስተካከለው? የተስተካከለ ነገር አስተካካይ አለው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 13

ለጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ስለ ጉልበትህ አልጠይቅም። ሾፌሩ ግን ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለህ ብሎኛል፤ እሱን ደግሞ ጠይቄው አይደለም፣ ራሱ ነው ያወራው።

ስላጨበጨቡልህ ደስ ብሎኛል። ተስተካክሏል ያልኩት ምሰሶ ነው። ከላይ መንደር የምትመጣ አንዲት ላም አለች፤ ጎኗን ስታክ ታዘምመዋለች። ባለፈው የጠየቅኩህን ባትሪ ለፋኖሴ ነው የፈለግኩት፤ ስድስት ብትልክልኝ ይበቃኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። መስኮቱ አንድ ቢሆንም ተዳፋቱን በሙሉ ያሳያል። ጠዋት ጠዋት የሳጥኖቹ አረንጓዴ መብራት በየተራ ብልጭ ሲል እቆጥራለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ካልሞላ ቁርስ አይበላልኝም። መቀበያው ጠረጴዛው ላይ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ስልክ እንደሆነ አሁንም የለም፤ እነዚያ ሳጥኖች እርስ በርስ ሲነጋገሩ እኔ ካንተ ጋር ለመነጋገር ሾፌሩን መጠበቄ ያስቀኛል።

ጋሼ፣ ሰፈሩ ላይ ሳጥኖቹን የሚጠብቅ ሰው አይኖርም ስትል፣ አንድም ማለትህ ነው? በወር አንዴ ብቅ የሚል እንኳ? ፊርማው ከክረምቱ በኋላ ቢሆንስ? እንዲያው ስጠይቅ ነው።

ሌላም ልጽፍልህ የጀመርኩት ነገር ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ነው፣ ጭቃው ሳይብስ መውረድ አለብኝ ይላል። ይቅርታ፤ በሌላ ጊዜ።

እህትህ


ሚያዝያ 21

ለጉንዳን፣

ስድስት ባትሪ ለፋኖስ? ጨለማውን ትጠጪዋለሽ እንዴ? ልኬልሻለሁ። ላሟን ግን ለባለቤቷ ንገሪ፤ ለሳይንስ ደንታ የሌላት ላም አጥር ያስፈልጋታል።

አይ፣ አንድም ሰው አይኖርም። አይ፣ ከክረምቱ በኋላ አይሆንም። ገደሉ የሚንሸራተተው በክረምት ነው፤ ዣንጥላ ከዝናብ በኋላ አይገዛም። ይህን ላንቺ ማስረዳት ይኖርብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚህ በፊት ልነግርሽ ሲገባኝ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ደንቡ ያለ ሰው የሚሠራ ከሆነ፣ ያንቺም ጣቢያ ሰው አያስፈልገውም ማለት ነው። መሐንዲሱ ራሱ ነው ያነሣው፤ ከራሴ አፍ የወጣ ነውና እሺ አልኩት። መደብሽ ሰኔ መጨረሻ ይታጠፋል። ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ቦታ እፈልግልሻለሁ። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጠሽ ስትወጪ የተናገርኩሽን አልረሳሁም፤ አንቺም አልረሳሽውም ይሆናል። አሁን ግን የሠራሽው ሥራ ከብዙ ባለ ዲግሪ ይበልጣል። ይህን በጽሑፍ ያገኘሽው ከኔ ነውና አስቀምጪው፤ ደግሜ አልጽፈውም።

የጀመርሽው ነገር ምን ነበር? የተጀመረ ይጨረስ።

ወንድምሽ


ግንቦት 2

ለጋሼ፣

ባትሪዎቹ ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ መደቤ አትዘን። ያን የጻፍክልኝን መሥመር ቆርጬ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ «መልሺልኝ» እንዳትለኝ።

እስኪ እስከ መጨረሻው አንብበው። ቁጣው የትም አይሄድም፤ ይደርሳል።

ላም የለችም። ሰባት ቁጥር ሳጥን አምስት ወር ያልሞተው እኔ ባትሪውን ስለምቀይርለት ነው።

በተከልናቸው በሦስተኛው ሳምንት መቀበያው ዝም አለ። ሳጥኖቹ ሁሉ ደህና ናቸው፣ መብራታቸው ብልጭ ይላል፣ ከላይ ግን ምንም አይመጣም። ሁለት ቀን ወጣሁ ወረድኩ። ነገሩ የነበረው እታች፣ አፍንጫዬ ሥር ነው። ለመቀበያው የሚቀርቡት ሰባት፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የሁሉም ወሬ በነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ነጥብማ እንደ ጉድ ሰብስበዋል! ነጥብ ግን ባትሪ አይሞላም፣ ጋሼ። ሰባት ባትሪው ሩብ ሲቀረው «እኔ ባልሸከም አሥራ ሁለት አለ» ብሎ አሰላ። አሥራ ሁለት «አሥራ ዘጠኝ አለ» አለ። አሥራ ዘጠኝ ሰባትን ጠበቀ። ሦስቱም ባትሪ እያላቸው ሦስቱም ተኙ። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። አንተ እንዳስተማርካቸው ነው ያሰሉት።

ሊነጋ ሲል ላይኛው ገደል ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁና ሰባትን ቀየርኩለት። ወዲያው ሁሉም ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ። ካርዱ ሞልቶ ወረደ። ያን ሳምንት ነው የመጀመሪያውን ጽሑፍህን ጉባኤ ፊት ያነበብከው። «አየሽ! አየሽ!» ብለህ ጻፍክልኝ፣ ሁለት ጊዜ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። የሚቀጥለው ሐሙስ እነግረዋለሁ አልኩ። ሐሙሱ ሌላ ሐሙስ ወለደ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አንድ ቀኑ ባትሪ ይዤ እወጣለሁ። ሾፌሩ ያውቃል፤ አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት።

ዝም ብዬ መቀጠልም እችል ነበር። ግን እዚያ ሰፈር ሰባትን የሚቀይር ሰው የለም። ልጆቹ ደወል ይጮኻል ብለው ይቀመጣሉ፤ ደወሉም አይጮኽም።

የተስተካከለው ይኸው ነው። አስተካካዩም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

እህትህ


ግንቦት 9

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታ አትፈልጊ፤ የለውም።

የአምስት ወር መረጃ። ሁለት ጽሑፍ። በስሜ፣ በፊርማዬ፣ በአደባባይ። አንድ ተማሪዬ ይህን ቢያደርግ በሩን አሳየው ነበር፤ በኋላም ስሙን አላነሣም። አንቺ ግን ደስ ይበለው ብለሽ አደረግሽው! ማን ደስታ ለመነሽ? ከእህቴ የፈለግኩት ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ደግሞስ ምን አየሽ? ሁለት ቀን ዝምታ አየሽና ተደናገጥሽ። አንድ ሳምንት ብትታገሺ ሳጥኖቹ ራሳቸው መውጫውን ያገኙት እንደነበር በምን አወቅሽ? ዕድል አልሰጠሻቸውም። ሳይወድቅ የምትደግፊው ነገር መቆም ይችል እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ወረቀት ከደረሰሽ ሰዓት ጀምሮ አንድም ሳጥን አትነኪም። ሰባት ሲሞት ብታዪ እጅሽን አጣምረሽ ቆመሽ እይ። ሰኔ 24 ኮሚቴው ፊት ይዤ የምገባው የሰው እጅ ያልነካው መረጃ ይሆናል። ያኔ ማን እንደተሳሳተ እናያለን።

ባትሪም አልክም።


ግንቦት 17

ለጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? አንተ ባትለኝም እኔ እላለሁ፤ እናታችን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ አይከፈትም ትል ነበር።

እሺ። ትናንት የሰባት አሥራ አንደኛ ቀን ነበር። ወጣሁ፣ አየሁት፣ ወረድኩ። ባትሪው ኪሴ ውስጥ ነው።

ልክ ብለሃል፤ በመረጃው ላይ በደልኩህ። ስለሱ የምከራከረው የለኝም። አንድ ነገር ግን ላርምህ። አንተ ስታርመኝ አድጌአለሁና አንድ ቀን ቢደርሰኝ አይበዛብኝም።

የሳፋውን ታሪክ ተው። ለተማሪዎችህ ስትናገረው ከሰው ሰምቼአለሁ፣ ስቄ አልፌዋለሁ። ለኮሚቴው መናገርህን ሳነብ ግን አልሳቅኩም። ወለሉ ያልረጠበው እኔ ስለምነሣ ነው። አልፎ አልፎ አይደለም፤ ሁልጊዜ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ሳፋው ከሞላ ስለማልችለው ግማሹ ሳይደርስ እነሣለሁ። በአንድ እጄ በሩን፣ በአንድ እጄ ሳፋውን። አንተ ቀና አላልክም፤ እያነበብክ ነበር። መንትዮቹም እንደ ልባቸው የሚቧቀሱት እኔ እንደምነሣ ስለሚያውቁ ነው። አንዴ ደረቴ ድረስ ፈሶብኝ ስንቀጠቀጥ «ምን ነክቶሽ ነው?» ብለኸኝ ገጹን ገለበጥክ።

አልከፋኝም፣ እውነቴን ነው። አንተ ማንበብህ ለሁላችንም ጠቅሞናል። ግን ሚዛን አልነበረም፣ ጋሼ። እኔ ነበርኩ።

ሳጥን አልነካም። እጄን አጣምሬ ግን አልቆምም። መቀበያው ዝም ካለ በእግሬ ወጥቼ በዓይኔ አያለሁ። እሱን አልከለከልከኝም፤ ብትከለክለኝም አልሰማህም።

ደመናው ወርዷል። ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል መሰለኝ።

እህትህ


ሰኔ 11

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነብተሻል? ሳልጽፍልሽ ሦስት ሳምንት ስላለፈ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል፤ ይህ የሚቀለው ይቅርታ ነው። ከባዱን በመጨረሻ አመጣዋለሁ።

ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ትናንት ሾፌሩ ካርዱን ይዞ መጣ። ከሰኔ 3 ወዲህ ባዶ ነው። አንዲት ቁጥር የለችበትም። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሦስቱ ከተኙ ብቻውን የሚነቃ ሁሉ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም፤ ስለዚህ አይነቁም። አንድ ሳምንት ቢጠበቅም፣ አንድ ዓመት ቢጠበቅም። ዝምታም ሚዛን ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚያየውን እኔ አላየሁም፤ አንድ ጊዜ በልጅነቴ በዓይኔ ያየሁት መስሎኝ ነበርና መፈለጉን ትቼው ነበር።

ለመንትዮቹ ደወልኩ። «ሳፋውን ማን ነበር የሚደፋው?» አልኳቸው፣ ለየብቻ። አንደኛው ሳቀ፤ «አታውቅም እንዴ?» አለኝ። ሌላኛው አልሳቀም። እሱም «አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

ፈተናው ይቁም። ይህን እንዳነበብሽ ሰባትን ቀይሪ፣ አሥራ ሁለትንም፣ አሥራ ዘጠኝንም። አሥራ ሁለት ባትሪ ልኬአለሁ። እዚህ ሁለት ቀን ሳያባራ ዘንቧል፤ እዚያ እንዴት እንደሆነ ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። ሾፌሩን ነገ እንዲወጣ ለምኜዋለሁ። ለምኜዋለሁ ነው ያልኩሽ።

ከባዱን ለመጻፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ስንገናኝ በአፌ እለዋለሁ። በጽሑፍ ጎበዝ ነው ሲሉኝ የኖርኩት ሰው፣ እዚህ ላይ አቃተኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 16

ለጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጽሑፉ የኔ ስላልሆነ አትደንግጥ፤ ጣቴን ትንሽ ስለተቀጨሁ ሾፌሩ ነው የሚጽፍልኝ። የምጽፈው ከጤና ጣቢያው ነው፤ ለጣት ይህን ያህል ማስተኛት ልማዳቸው ነው።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። በጊዜው ነው የደረሰኝ ማለት አልችልም። መንገዱ አርብ ዕለት በናዳ ሄዷል፤ ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ። ሰው አልሞተም፤ ይህን ደጋግመህ አንብበው። ደብዳቤህ ያን ሰዓት ከናዳው ወዲያ ማዶ፣ በሾፌሩ ኪስ ነበር። የኔም ባትሪ በኔ ኪስ። አሁን ሳስበው ሁለቱም ኪስ ውስጥ ነበሩ።

እንዳልቀየርኩት ልታውቅልኝ እፈልጋለሁ። መረጃህ ንጹሕ ነው። ሦስቱም ተኝተው ነበር፤ ቀዩ መብራት አልበራም። ካርዱ ባዶውን ፖስታው ውስጥ አለ፤ ለኮሚቴው አሳያቸው። አንተ ላይ ተናድጄ አይደለም ያልቀየርኩት። ብቀይረው ኖሮ ወለሉ አሁንም ደረቅ ይሆንና የሰፈሩን ፊርማ ትፈርመው ነበር ብዬ ነው። ትክክል ይሁን ስሕተት አላውቅም። ሳሰላው ውዬ አድሬ አልወጣልኝም፤ አንተ አስላልኝ።

ስለ ይቅርታው አትጨነቅ። ባትለውም ሰምቼዋለሁ።

እህትህ

ጋሼ፣ እኔ ሾፌሩ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ሳነብላት ዘልዬዋለሁ። ጣት አይደለም። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ፣ ዳሌዋም ተሰብሯል። ዝም ካሉ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ በዝናብ ትወጣ ነበር። አርብ ላይኛው ምሰሶ ሲያዘም በዓይኗ አይታ ቁልቁል ስትሮጥ ነው የወደቀችው። እንደዚያ ሆናም መንገዱ ድረስ መጥታለች፣ በምን እንደመጣች አይጠይቁኝ። ቀይ ሻርፗን በግራ እጇ ይዛ አስፋልቱ መሐል ተቀምጣ አገኘናት። ከፊቴ አንድ አውቶቡስ ነበረ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው። ነጂው «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው!» ብሎ ሲሳደብ መሬቱ ሄደ። እርስዎ እንዳይከፋዎት ብላ ነው የደበቀችው። እኔ ግን ደብቄ ደብቄ ደክሞኛል።


ሐምሌ 2

ለእህቴ፣

እንደምን ዋልሽ? ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ነገ ያደርስልሻል፤ አንቺን አይቶ ወሬሽን ያመጣልኛል። እስከዚያው እኔ የት እንዳለሁ ከወረቀቱ ሽታ ሳታውቂው አትቀሪም። ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

አዎ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቤአለሁ። አይ፣ አልጮህኩም። አንድ ጊዜም። ባዶውን ካርድ አሳየኋቸው፣ ቀጥሎም የሳፋውን ታሪክ እንደገና ነገርኳቸው። «ባለፈው መጨረሻውን ተሳስቼ ነበር» አልኩ። መሐንዲሱ አልሳቀም። ስጨርስ «እህትዎ አሁን እንዴት ናቸው?» ብቻ ነው ያለኝ፤ እኔ በዚህ ሁሉ ወር ውስጥ በአግባቡ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ። ሁለቱንም ጽሑፎቼን በፊርማዬ ስቤአለሁ። ዲኑ «ጡረታህ ሲቃረብ?» አለኝ። አዎ፣ ሲቃረብ አልኩት።

ውሉ አልተፈረመም። ትምህርት ቤቱ ክረምቱ እስኪያልፍ ከገደሉ ሥር ተነሥቷል። ደንቡን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ፦ ለመቀበያው የሚቀርቡት ብዙ ይሆናሉ፣ ተራ ይገባሉ፣ የደከመ ሳጥን ከመተኛቱ በፊት ለሰው ይናገራል። ለሰው ነው ያልኩሽ። ያለ ሰው አይተከልም ብያለሁ፤ በዚህ አልለዝብም።

አስላልኝ ብለሽ የላክሽውን አሰላሁት። ሌሊቱን ሙሉ። ለኔም አልወጣልኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያገኘሁት፦ ያን ስሌት አንቺ ጭንቅላት ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ልትሸከሚው አይገባም ነበር።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ተዳፋት የለም እንዳለሽ አውቃለሁ። አንቺ አልነገርሽኝም፤ ሾፌሩን አትቆጪው። ከናዳው የተረፈው ተዳፋት አሁንም ተንጠልጥሏል፤ መንገዱን የሚጠግኑት ሠራተኞች ከሥሩ ናቸው። ስለዚህ ሰባትን ዛሬ ጠዋት ቀየርኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም። ይኸው፣ ጻፍኩልሽ። መውጫው ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ አንቺ ይህን ስንት ጊዜ እንደወጣሽ ከመዝገቡ ልቆጥር ብዬ ተውኩት፣ አልጻፍሽውማ። እኔ ጽፌዋለሁ፦ «ሰባት ቁጥር፣ በሰው እጅ ተቀየረ።» ቀኑንና ስሜን አስከትያለሁ። ከበላዩ፣ በየአሥራ አንድ ቀኑ ብዬ አስልቼ፣ በአሥራ አራት መሥመር ያንቺን ስም አስገብቻለሁ፤ ቀኖቹን ስትመለሺ ትሞያቸዋለሽ።

ከአልጋሽ ራስጌ የለጠፍሽውን መሥመር አየሁት። ደግሜ አልጽፈውም ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ፤ ከሥሩ ደግሜ ጽፌዋለሁ፣ በትልቁ።

ጣሪያሽ ያፈሳል። ይህንንም አልነገርሽኝም። ሳፋውን ከአልጋው ሥር አገኘሁት። የመጀመሪያ ቀን አፉ ድረስ እስኪሞላ እያነበብኩ ጠበቅኩና ስሸከመው ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ሳፋ ይከብዳል። ይቅርታ አድርጊልኝ። በአፌ እለዋለሁ ያልኩት ይኸው ነው፤ ሳይሽ ደግሜ እልሻለሁ፣ ግን እስከዚያ እዚህ ይቀመጥልሽ።

እየዘነበ ነው። ከናዳው የተረፉት ሳጥኖች ሁሉ ብልጭ እያሉ ነው፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሳፋው ግማሽ ሊደርስ ነው።

ልነሣ።

ወንድምሽ